አማቴን በቴሌቪዥን የገደልኩ ዕለት

እናንተዬ፣ ሰው የገዛ አፉን ያህል ጠላት የለውም። የኔ አፍ ደግሞ ከሌላው ሰው አፍ የባሰ ነው። ወልድያ ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ በዚህ ሥራ ጉራ ያልቸረቸረ ሰው ዕቃው አይነሳለትም። ይሄ ያባት ነው። ችግሩ ማታ ሱቁን ስዘጋ ጉራውን እዚያው ቆልፌበት መምጣት አለመቻሌ ነው፤ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ይገባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ የየሺ አባት አባ አራጋው ከጉባ ላፍቶ ደጋ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸው ትርንጎ ሐዋሳ ተዳረች። ሰርጉ የዋለው መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት በከረመበት ሰሞን ስለነበር ከዚህ ወገን አንድም ሰው አልሄደላትም። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ አይደል የምትወጣው? ትርንጎ ግን የሳመችው እዚያው ሐዋሳ የሚኖረውን የአጎቷን ጉልበት ነው። ነገሩ አባ አራጋው ሆድ ውስጥ ቀረ። አያወሩትም፣ አያማርሩም፤ ሰው ስለ ሰርጉ ሲያነሳ ብቻ ቀኝ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ያሻሉ። አንድ ቀን በስልክ «ልጄ ሳልመርቃት ወጣች» ብለው ለየሺ ነግረዋት፣ የሺ ሽንኩርት በሌለበት ስታለቅስ ዋለች።

የሰርጉ ፎቶ እኔ ስልክ ውስጥ አለ፤ ትርንጎ ልካልኛለች። ግን የአባ አራጋውን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። በፋሲካ ደጋ ወጥተን ስልኩን አፍንጫቸው ሥር ደቅኜ «ይቺውልዎ ትርንጎ!» ስላቸው፣ ብዙ ሲያፈጡ ቆዩና «ልጄ፣ ይሄ ሰው ነው ወይስ ጉንዳን?» አሉኝ።

ይሄኔ ነው አፌ የተከፈተው።

«አባ፣ ምን ችግር አለ! ስማርት ቴሌቪዥን ገዝቻለሁ። ወልድያ ብቅ ይበሉ እንጂ ትርንጎን በቁመቷ አቆምልዎታለሁ። ያውም ያለ ሽቦ!»

«ያለ ሽቦ?» አሉ።

«ያለ ሽቦ!»

አሁን ሽቦውን ማን ጠየቀኝ? በሽቦም ቢሆን፣ በገመድም ቢሆን፣ በጭራሮም ቢሆን ለሳቸው ምናቸው ነው? ልጃቸውን ማየት ነው የፈለጉት። አፍ ግን አንዴ ከተከፈተ የሚጨምረው አያጣም።

ሰውየው ያልኩትን አምነው መጡ። አርብ ማታ ገቡ፤ እሁድ በማለዳ ሊመለሱ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እግራቸውን ታጥበው፣ አዲሱን ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን ከጎናቸው አስደግፈው ሶፋው ላይ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አቀማመጣቸው የሰርግ እንግዳ አቀማመጥ ነበር። የሺ ሶፋውን አስጠጋችላቸውና «በል አሳያቸው» አለችኝ።

«አንድ ደቂቃ» አልኩ።

አንድ ደቂቃ! እናንተ፣ ይቺን ቃል የፈጠረ ሰው አይለፍለት።

ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝ አልኩት። ስልኩ ላይ ያቺ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። እህል ብትፈጭ ኖሮ ለክረምት የሚበቃ ዱቄት ይወጣት ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለት የቴሌቪዥን ስም ደረደረችልኝ። ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ፊደል ከፊደል የማይለይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አጥራችን አንድ የሆነው ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ የመርሳ ማንጎና ፓፓያ እያመጡ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ቴሌቪዥን ስገዛ አይተው «ለኔም እንደዚሁ ዓይነት» ስላሉኝ እኔው ነኝ ገዝቼ የተከልኩላቸው። ኢንተርኔቱንም ከኔው ቤት ነው የምንጋራው። ይሄን ሁሉ ያደረግኩት እኔ፣ ሁለት ስም ሳይ ምን ብዬ ባስብ ጥሩ ነው? «አንዱ ለምስል፣ አንዱ ለድምፅ ይሆናል» ብዬ ደመደምኩ። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል፤ የኔን ድፍረት መውጫውን እስካሁን እፈልጋለሁ።

የላይኛውን ነካሁ። ስልኩ «ተገናኝቷል» አለኝ።

«ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። መጀመሪያ ራሳቸውን አይተው ይደሰቱ ብዬ፣ ጠዋት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ ያነሳኋቸውን ፎቶ ከፈትኩ። ነጩን ጋቢ እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ያለ ፎቶ ነው። ሲያምሩ!

ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ አለ።

አጠፋሁት፣ አበራሁት። «ተገናኝቷል» ይላል ስልኩ። ሰማያዊ ነው ቴሌቪዥኑ። ፎቶውን ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። ሪሞቱን መታሁት፣ ባትሪውን በጥርሴ ነከስኩት። ወንበር ላይ ወጥቼ ስልኩን ወደ ጣሪያው አነሳሁ፤ ምልክቱ ከላይ የሚወርድ መስሎኝ። የሺ ታየኛለች። ሚስት ዝም ብላ ስታይ ከመናገሯ የባሰ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ወይ ቻል ወይ ተው» አለች በመጨረሻ።

«ስልኩ እኮ ተገናኝቷል ይላል!»

«ከማን ጋር?»

እዩልኝ። ጥያቄዋን ያን ጊዜ ሰምቻት ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ጉድ አታነቡም ነበር። እኔ ግን «አትጨቅጭቂኝ!» ብዬ ዝም አሰኘኋት።

አባ አራጋው ብዙ ጠበቁ። ጨዋ ሰው ናቸው። ቆይተው ዱላቸውን ያዙና «ልጄ፣ እኔ ጓዳ ጋደም ልበል፤ ሲደርስ ቀስቅሱኝ» ብለው ገቡ። ሲደርስ! ምጣድ ላይ የጣድኩት ነገር ያለ አስመሰሉት። እየገቡ ቀኝ ጉልበታቸውን ሲያሹ አየሁ። ያቺ እጅ አናደደችኝ፤ በራሴ ላይ ማለቴ ነው።

ምስሉ እምቢ ካለ እስቲ ድምፁ ይመጣ እንደሆን ብዬ፣ ፎቶው ባለበት ላይ ስልኬ ውስጥ ካለ ዘፈን አንድ የዋሽንት ዜማ ከፈትኩ። አንጀት የሚበላ ትዝታ ነው። ከኛ ቴሌቪዥን ትንፍሽ የለም። ከእትዬ ዘውዴ ቤት ግን ዋሽንቱ ግድግዳውን ሰንጥቆ ይመጣ ጀመር።

«ሰው በዚህ ሰዓት ይሄን የሚያህል ዋሽንት ይከፍታል?» ብዬ ተቆጣሁ። «እዚህ ሥራ ላይ ነን!» ደግሞ ግድግዳውን በቡጢ ደበደብኩ። «እትዬ ዘውዴ! ኧረ ቀንሱት!»

ዋሽንቱ ይቀጥላል። እኔ ደግሞ እንደገና ልሞክር እያልኩ ከሥር ከሥር አስጀምረዋለሁ።

ትንሽ ቆይቶ እትዬ ዘውዴ መጡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ በእጃቸው በሳህን ምግብ ይዘው፣ በእግር ጣታቸው ነው የገቡት። ሁልጊዜ ከበር ጀምረው የሚጮሁ ሴት ናቸው። ዛሬ ግን በሹክሹክታ «የሺ እህል ቀምሳለች?» አሉኝ።

«በልታለች፣ ምነው?»

«ትንሽ ትድገም» ብለው ሳህኑን ይዘው ወደ የሺ ሄዱና በግድ ያጎርሷት ጀመር። ተመልሰው መጥተው ክንዴን ያዙኝ። ፀጉሬ ቆሟል፣ ላቤ ይንቆረቆራል።

«እንዳወቅህ ገብቶኛል፤ ፊትህ ይናገራል» አሉ። «ቻለው ወንድምዓለም።»

«እንዴት ነው የምችለው? ከምሳ ጀምሬ ስታገል እምቢ አለኝ እኮ!»

«አይዞህ፣ የወንድ ልጅ ሆድ ሰፊ ነው።»

«ሆዴ ምን ያደርጋል እትዬ? ነገ በማለዳ እኮ ይሄዳሉ!»

«ነገ ነው?» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «የት?»

«ወደ አገራቸው ነዋ፣ ጉባ ላፍቶ።»

«ደግ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ሰው ባገሩ አፈር ሲገባ ደግ ነው።»

ሴትዮዋ ምን ነካቸው እያልኩ ወደ ስልኬ ተመለስኩ። ብዙም ሳይቆይ ሰው መግባት ጀመረ። አንዱ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ጥግ ይቀመጣል፣ «እህህ» ይላል። ሌላው ይገባል፣ እንደዚያው። ከዚያ የእድራችን ዳኛ አያ ሰይድ ገቡ። ከውጭ ብረት መሬት ላይ ሲወረወር ሰማሁ። የሺ ግራ ተጋብታ ወንበር ታቀርባለች። እኔ ደግሞ ምን መሰለኝ? ጉራዬ ሰፈር አዳርሶ፣ ያለ ሽቦ የሚታየውን ሰርግ ሊያዩ የመጡ መሰሉኝ! አፈርኩ፣ ተናደድኩ። ሰው አንዴ ቢጎርር ሰፈር ሙሉ ማስረጃ ሊጠይቀው ይመጣል?

«ትንሽ ብቻ ታገሱኝ» አልኳቸው። «አሁን ይታያሉ። ቆመው፣ በሙሉ ቁመታቸው!»

እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ራሱን እየነቀነቀ «አእምሮውን ነካው፤ ይወዳቸው ነበራ» ሲል ሰማሁት።

አያ ሰይድ ተነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የሺ ልጄ» አሉ፤ «ይሄ ነገር በወጉ ቢሆን ነገ ጎህ ሲቀድ ነበር የሚነገርሽ። ግን ቴሌቪዥን ያወጣውን ነገር ማን ያቆየዋል? ከመንገድ ከምትሰሚው ከኛ ስሚው ብለን ነው። ሞት የሁላችንም ነው፣ ቀሪ የለም። አላህ ያጽናሽ፤ ቻይው።»

ይሄን ብለው ሳይጨርሱ እትዬ ዘውዴ «ወየው!» ብለው ለቀቁት። ሴቶቹ ተከተሉ። የሺ ማን እንደሞተ እንኳ ሳታውቅ ጩኸቷን አቀለጠችው። የኛ አገር ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ስሙን በኋላ ይጠይቃል። እኔም ስልኬን እንደያዝኩ እምባዬ መጣ፤ ሰው ሲያለቅስ አያስችለኝም።

በዚህ መሐል የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። አባ አራጋው ከእንቅልፋቸው ባንነው፣ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ ወጡ። በዚያ ዓይናቸው ፊት መለየት የማይታሰብ ነው፤ የሚያዩት ቤት ሙሉ ሰው፣ የሚሰሙት ለቅሶ ነው። ወግ የሚያውቅ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ደረታቸውን መታ መታ አደረጉና ዳሰስ ዳሰስ ብለው አያ ሰይድ አጠገብ ተቀመጡ። አያ ሰይድ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ቀና ብለው አላዩም። ቦታ ለቀቁላቸውና ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ትንሽ አለቀሱ።

አለፍ ሲል አባ አራጋው ዝቅ ባለ ድምፅ «ለመሆኑ ያረፈው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አባ አራጋው» አሉ አያ ሰይድ፣ እንዳቀረቀሩ።

«የትኛው አራጋው?»

«የየሺ አባት ናቸዋ። የጉባ ላፍቶው።»

አማቴ አሰብ አደረጉ። «መቼ?»

«ዛሬ። ቴሌቪዥን ተናገረ።»

«እንግዲያ ለኔ የነገረኝ የለም» አሉ አባ አራጋው።

አያ ሰይድ ቀስ ብለው ዞሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ያስቸግራል። አያ ሰይድ «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ብለው ብድግ አሉ፤ እትዬ ዘውዴ «በስመ አብ!» ብለው በሳህኑ ላይ ተቀመጡ። የሺ አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ እያለቀሰችም እየሳቀችም አልለቀቀቻቸውም። እሳቸው «ኧረ ቀስ፣ የሞትኩት ሳይበቃ» ይሏታል።

«ምን ዓይነት ነገር ነው?» ብለው አያ ሰይድ እትዬ ዘውዴ ላይ ጮሁ። «ድንኳን አስጫንሽን እኮ! ሬዲዮ ነው፣ ቅዠት ነው፣ ምንድን ነው የሰማሽው?»

«ዓይኔ አይዋሽም!» አሉ እትዬ ዘውዴ። «መምጣታቸውን አላወቅሁ፤ ከመርሳ ገብቼ አረፍ ብዬ ድራማዬን ሳይ፣ ድራማው ጥርግ አለና እሳቸው መጡ! ተገንዘው፣ ዓይናቸውን ከድነው! ከዚያ ዋሽንት! ጠፉ ስል ይመለሳሉ፣ ጠፉ ስል ይመለሳሉ። ለካ እንዲህ ያሉ ትልቅ ሰው ነበሩ ብዬ አለቀስኩ። አሁንም አሉ፤ ኑ እዩ!»

ሁላችንም ተከትለናቸው ገባን። እውነትም አሉ። አባ አራጋው በነጭ ጋቢ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የእትዬ ዘውዴን ቴሌቪዥን ሞልተውታል። ዋሽንቱ ያለቅሳል።

የእጄን ስልክ አየሁ። ቴሌቪዥኑን አየሁ። ጣቴን ትንሽ ወደ ግራ ሳንቀሳቅስ፣ አባ አራጋው ቴሌቪዥኑ ላይ ወደ ግራ ፈቀቅ አሉ። ወደ ቀኝ ሳደርግ ወደ ቀኝ። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ነህ?» አሉ አያ ሰይድ።

ምን ልበል? ለባጃጅ የማይሆን ዕቃ ሸጬ ስያዝ እንኳ መልስ አላጣም፤ ያን ቀን ግን አፌ የሰው አፍ ሆነብኝ። «አንዱ ለምስል፣ አንዱ ለድምፅ መስሎኝ...» አልኩ።

ስድቡን ልተወው። እትዬ ዘውዴ ድራማው ያመለጣቸውን አንስተው፣ እምባቸውን አንስተው፣ ግድግዳውን መደብደቤን አንስተው ሲያወርዱብኝ፣ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ተሸክሞ የሚመልሰው እኔ መሆኔን ወሰኑ። የሺ ዝም ብላ ታየኛለች። እንግዲህ የቤቱ እዳ ገና እንደሚጠብቀኝ አወቅኩ።

«ቆዩ እስቲ» አሉ አባ አራጋው። ሁሉም ዝም አለ። የሞተ ሰው ሲናገር ይደመጣል። «ይሄ ያለ ሽቦ ያልከው ነው?»

«አዎ፣ አባ። በኛው ላይ ላድርገው፣ አሁን ገብቶኛል፣ አንድ ደቂቃ...»

«ንክች እንዳታደርገው!» አለ ቤቱ በሙሉ ባንድ ድምፅ።

«እዚሁ ይሁን» አሉ። «ትርንጎን አሳየኝ።»

ወንበር ቀረበላቸው። የሰርጉን ፎቶ ከፈትኩ። ትርንጎ በነጭ ቀሚስ ቴሌቪዥኑን ሞላችው። አባ አራጋው አንገታቸውን አስግገው ቀረቡ። «አዎ» አሉ። «እሷ ናት። እናቷን መስላ የለም እንዴ!» ሰዉ እልል አለ። ለለቅሶ የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አስተካከሉና ሰርግ አደረጉት። አንድ በአንድ አሳለፍኩ፤ ሚዜዎቹን፣ ኬኩን፣ ሙሽራውን። «ረጅም ነው» አሉ አማቴ፤ ከዚያ በላይ አስተያየት አልሰጡም።

ከዚያ ያቺ ፎቶ መጣች። ትርንጎ ተንበርክካ አጎቷ ጉልበት ላይ አጎንብሳለች፤ ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ይጠብቃል። እልልታው ቆመ። ላሳልፈው አሰብኩ፤ ጣቴ እምቢ አለኝ።

«ይሄ የማን ጉልበት ነው?» አሉ አባ አራጋው።

«የአጎቷ» አለች የሺ፣ በቀጭን ድምፅ።

ቀኝ ጉልበታቸውን አሹ። «ዞር ይበልልኝ።»

ሰዉ ግራ ገባው። እኔ ግን ገባኝ፤ በዚያ ቀን የገባኝ አንድ ነገር እሱ ብቻ ነው። ሁለት ጣቴን ስልኩ ላይ አድርጌ ከፈት አደረግኩት። ፎቶው እያደገ፣ እያደገ፣ አጎትየው ከነጉልበቱ ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ወጣ። የቀረችው ያጎነበሰችው ትርንጎ ብቻ ናት፤ ፊቷ የሰው ፊት አክሎ።

«ዝቅ አድርጉት» አሉ ቀጥለው።

አያ ሰይድ ቀድመው ተነሱ። ድንኳን የተሸከሙት ወንዶች ቴሌቪዥኑን ከነገመዱ ቀስ አድርገው ከመደርደሪያው አውርደው ወለሉ ላይ አቆሙት። እትዬ ዘውዴ «መስተዋቱን!» ብለው ሊጮሁ ከጀመሩ በኋላ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባ አራጋው ወንበራቸውን ጎትተው ተጠጉ፤ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ቀኝ ጉልበታቸውን ከትርንጎ ፊት አስጠጉ። ከዚያ መዳፋቸውን በቴሌቪዥኑ አናት ላይ ጫኑ።

«ክፉ አይንካሽ። ዘርታችሁ ቃሙ፣ ወልዳችሁ ሳሙ። የገባሽበት ቤት ይሙላ። እኔ ያላየሁትን ደግ ቀን አንቺ እይው።»

«አሜን» አለ ቤቱ። «አሚን» አሉ አያ ሰይድ፣ እጃቸውን ዘርግተው።

እኔ ስልኩ መብራቱ እንዳይጠፋብኝ አውራ ጣቴን ሳላነሳ ቆሜያለሁ። አባ አራጋው እጃቸውን አላነሱም። እምባቸው ጢማቸው ውስጥ ይገባል። ብዙ ቆዩና ጎንበስ ብለው፣ ቅርብ ላለ ሰው እንደሚናገሩ፣

«በይ እንግዲህ ተነሺ፤ ባልሽ ቆሟል» አሏት።

የሺ በክርኗ ጎሸመችኝ። ወደሚቀጥለው ፎቶ ጣቴን አንሸራተትኩ። ትርንጎ ተነሣች፤ ፊቷን ወደ በሩ አዙራለች።